«አንቱ የተባለ» ስም በገበያ ምን ያህል ያወጣል?

በአማርኛ ስለ ስመ ጥር ሰዎች ሲወራ «አንቱ የተባለ» የሚለው አባባል ከአፍ አይጠፋም። «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለች ድምፃዊት»፣ «አንቱ የተባለ የቡና ነጋዴ» ሲባል ሰሚው ማብራሪያ አይጠይቅም። ይኸው አባባል በመርካቶ ሱቆች፣ በደላሎች መዋያና በአክሲዮን ሻጮች ዘንድ ሲነገር ግን ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። በእርሱ ተማምኖ ዕቃ በዱቤ ይለቀቃል፣ ላልተሠራ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ይከፈላል፣ ገና በምሥረታ ላይ ካለ ኩባንያ አክሲዮን ይገዛል። በመሆኑም ነጋዴውም ሆነ ባለሀብቱ «አንቱ የተባለ» ከ«ዝነኛ» የሚለይበትን መስመር አጥርቶ ቢያውቅ ኪሱን ይጠብቃል።

ከ«አንተ» እስከ «አንቱ»

አማርኛ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ደረጃ ይለያል። እኩያና የቅርብ ወዳጅ፣ እንዲሁም ታናሽ «አንተ» ወይም «አንቺ» ይባላል። ታላቅ፣ እንግዳና ባለማዕረግ ደግሞ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይባላል። ዛሬ በከተማ «እርስዎ» የሚለው በርክቷል፤ «አንቱ» በገጠርና በአዛውንቶች አነጋገር ይበልጥ ይሰማል። ይህ ክብር መስጠት ራሱ «አንቱታ» የሚል ስም አለው። «አንቱ የተባለ» የሚለው አባባል የተገኘው ከዚሁ ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲፈታ ሌሎች ሰዎች «አንቱ» ብለው የጠሩት ማለት ነው።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ለገበያ ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው «ተባለ» የሚለው ግሥ ነው። ክብሩን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው እንጂ ባለቤቱ ለራሱ አይወስደውም። «እኔ አንቱ የተባልኩ ነጋዴ ነኝ» እያለ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ቢገኝ ከመከበር ይልቅ ይሳቅበታል። ስለዚህ አባባሉ በተነገረ ቁጥር «ማን አለው?» የሚለው ጥያቄ አብሮት አለ።

ሁለተኛው አባባሉ ብቻውን የማይቆም መሆኑ ነው። «ሰውየው አንቱ የተባለ ነው» ብሎ ዝም ቢባል ሰሚው «በምን?» ይላል። ከአባባሉ ቀጥሎ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ አናጢ፣ አስመጪ የሚል የሙያ ስም ይከተላል፤ አለበለዚያ «በሙያው» የሚል ቃል ይቀድመዋል። ክብሩ የተሰጠው በአንድ ሥራ ላይ ታይቶ ነው። በጨርቃ ጨርቅ አንቱ የተባለ ነጋዴ ብረት ሲጀምር አዲስ ገቢ ነው፤ የብረት ነጋዴዎችም እንደ አዲስ ገቢ ያዩታል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በአባባሉ ውስጥ «አንቱ» የተባሉት ብዙዎቹ በተግባር «አንተ» እየተባሉ የሚጠሩ ናቸው። ጋዜጦች ስለ ሚኒስትር ሲጽፉ «ገለጹ» ይላሉ፤ ስለ ሯጭ ሲጽፉ ግን «አሸነፈ» ይላሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ አግኝቷል፤ 27 ጊዜም የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሕዝቡ ግን «ኃይሌ» ይለዋል፤ ጥላሁን ገሠሠንም «ጥላሁን» ሲል ኖሯል። ይህ ከፍቅርና ከቅርበት የመጣ ነው። በአባባሉ ውስጥ ያለው አንቱታ የአጠራር ሳይሆን የችሎታ ማዕረግ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዝነኛ፣ ታዋቂ እና አንቱ የተባለ

እነዚህ ሦስቱ በዕለት ተዕለት ንግግር እየተቀያየሩ ቢገቡም ክብደታቸው አንድ አይደለም። «ዝና» ከ«ዜና» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው፤ ዝነኛ ማለት ወሬው ብዙ ቦታ የደረሰ ማለት ይሆናል። «ታዋቂ» ደግሞ ከማወቅ የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማለት ነው። ሁለቱም የሚለኩት በሰሚው ብዛት ነው። ሰውየው ዝነኛ የሆነው በበጎም በክፉም ሊሆን ይችላል።

«አንቱ የተባለ» ግን የሚለካው በሰሚው ብዛት ሳይሆን በመስካሪው ማንነት ነው። አንድ የበርበሬ ተራ ነጋዴ በሬዲዮ ስሙ ተጠርቶ ላያውቅ፣ ከተራው ውጭ የሚያውቀው ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ከክፍለ አገር ጭነት የሚልኩለትና ከእርሱ የሚረከቡት ቸርቻሪዎች ቃሉ እንደማይታጠፍ ከመሰከሩለት በበርበሬ ንግድ አንቱ የተባለ ነው። በአንጻሩ ፊቱ በየአደባባዩ የተሰቀለ ዝነኛ ሰው በንግድ በኩል አንቱ ያለው አንድም ነጋዴ ላይኖር ይችላል።

አባባሉ ለምፀትም ያገለግላል። «አንቱ የተባለ ውሸታም» ወይም «አንቱ የተባለ ሌባ» ሲባል ሰውየው በዚያ ሥራ ተፈትኖ አልፏል ለማለት ነው። ምፀቱም ቢሆን ሕጉን አይለቅም፤ ሙያውን ይጠራል፤ የሚመሰክሩትም ያዩት ሰዎች ናቸው።

ስም ማስያዣ ሲሆን

ባንክ ሲያበድር ቤት ወይም መኪና በማስያዣነት ይይዛል። በመርካቶ የሚሰጠው ዱቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስም ነው። ጅምላ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ይሰዳል፤ ገዢው በተባለው ቀን ይከፍላል። በመካከላቸው ያለው የጥሪ ወረቀት፣ ሲበዛም የቀን ቼክ ነው። በእቁብም ቢሆን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ እንዲጠራ ይደረጋል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ስም ያለው ሰው ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህ ለምን እንደሚሆን አስረድተዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው እንዳይሸወድ በመስጋት ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ሲወጣ ገበያው ለብልሹዎቹ ይቀራል። አከርሎፍ ለዚህ ችግር መፍትሔ ብሎ ከጠቀሳቸው መካከል ዋስትናና የታወቀ የንግድ ስም ይገኙበታል። በዚህ መስክ በሠራው ሥራም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በአዲስ አበባ መኪና ወይም ቤት ያሻሻጠ ደላላ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ገዢ የሚከተለው ነውሩን ሳይደብቅ የሚናገረውን ደላላ ነው።

እንግዲህ ይህ ስም በገንዘብ ሲሰላ ስንት ያወጣል? በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቸርቻሪ በየወሩ የ500 ሺሕ ብር ዕቃ ለ30 ቀን በዱቤ ይወስዳል እንበል። ስም ባይኖረው ኖሮ ይህንኑ ገንዘብ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ በጥሬ ገንዘብ ይገዛ ነበር ብለን እናስብ። የወር ወለዱ 6 ሺሕ 250 ብር፣ የዓመቱ ደግሞ 75 ሺሕ ብር ይሆናል። ስሙ በየዓመቱ 75 ሺሕ ብር ያተርፍለታል ማለት ነው። በዓመት 75 ሺሕ ብር ሳያቋርጥ የሚያስገኝ ንብረት በዚያው በ15 በመቶ ሲሰላ ዋጋው 500 ሺሕ ብር ይመጣል። ስሙና በአንድ ጊዜ የሚወስደው ዱቤ እኩል ሆኑ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለአበዳሪው ነጋዴ ትልቅ ትምህርት አለው። ቸርቻሪው የ500 ሺሕ ብሩን ዕቃ ይዞ ቢጠፋ 500 ሺሕ ብር የሚያወጣ ስም ያጣል፤ ስለዚህ የሚያተርፈው ነገር የለም። ከአንዱ ቢጠፋ ወሬው ወደ ሌሎቹ ሻጮች ስለሚደርስ የሁሉንም ዱቤ ያጣል፤ ይህም ይበልጥ ያስረዋል። ነገር ግን በወር 500 ሺሕ የለመደው ሰው ድንገት የ2 ሚሊዮን ብር ዕቃ በዱቤ ቢጠይቅና ቢሰጠው፣ ማስያዣው ያው የ500 ሺሕ ብር ስም ሆኖ ሳለ ዕዳው አራት እጥፍ ሆኗል። ስሙ የሚያስረው በለመደው መጠን ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየከፈሉ ስም ከገነቡ በኋላ በመጨረሻ ትልቅ ጭነት ወስዶ መሰወር የተለመደ የማጭበርበር ስልት የሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ሰውየው ገበያውን ሊለቅ ሲያስብ ነው። የስም ዋጋ የሚመነጨው ከነገ ንግድ ነው። ሱቁን ለመሸጥ ወይም ወደ ውጭ ለመሄድ የተሰናዳ ሰው ስሙ ለእርሱ ዋጋ መስጠቱን ያቆማል፤ ሌሎች ግን ይህን ሳያውቁ በቀድሞው ስም ዕቃ ይለቁለታል። የባንክ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ውስጥ ይመዘገባል፤ በቃል የተሰጠ ዱቤ ግን በዚያ አይገኝም። የመርካቶ የብድር መዝገብ የነጋዴው ወሬ ነው።

ቼክም ቢሆን ስምን አይተካም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖረው ቼክ የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ግን ያስፈራ ይሆናል እንጂ ዕቃውን አይመልስም።

ስም በሕግና በሒሳብ መዝገብ

ስም ንብረት መሆኑን የአገሪቱ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ተቀብሎታል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአንድ የንግድ መደብር ዋነኛ ክፍል ግዙፍነት የሌለው «መልካም ዝና» መሆኑን ደንግጎ ነበር። ዋጋውም ነጋዴው ከእርሱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሊፈልጉ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ላይ እንደሚመሠረት ያስረዳል። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ከተሻሻለ በኋላም መልካም ዝና በመደብር ሽያጭ ውስጥ ዋጋ የሚወጣለት ነገር ሆኖ ቀጥሏል። መደብሩን የሸጠ ሰው እዚያው አጠገብ ተመሳሳይ ሱቅ ከፍቶ ደንበኞቹን መልሶ ቢወስድ ገዢው የገዛው ባዶ መደርደሪያ ይሆንበታል። ስለዚህ መደብር የሚገዛ ሁሉ ይህ እንዳይሆን በውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት።

በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ኢትዮጵያን ወደ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ያስገባ ሲሆን፣ በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ድርጅቱ ራሱ የገነባው መልካም ዝና በሀብትነት አይመዘገብም። የሚመዘገበው ሌላ ድርጅት ሲገዛ ለዝናው የተከፈለው ገንዘብ ነው። በመሆኑም 30 ዓመት ሙሉ አንቱ ሲባል የኖረ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡ ሲታይ ከትናንት ጀማሪ ላይለይ ይችላል።

ገዢ ሲመጣ ግን የስም ዋጋ በግልጽ ይታያል። የእንግሊዙ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን በ225 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ «ሜታ» የሚለውን ስም ግን አልቀየረም። በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካው ወደ ካስቴል ኩባንያ ሲተላለፍም ስሙ አብሮ ሄደ። ጋኑና ጠርሙሱ በየትም ይገዛል፤ ጠጪው ለአሥርት ዓመታት ሲጠራው የኖረው ስም ግን የሚገኘው ከባለቤቱ ብቻ ነው።

የግለሰብ ስም ከዚህ ይለያል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2002 ዓ.ም. በሐዋሳ የከፈተውን ሪዞርት በራሱ ስም ሰይሞ ሆቴሎቹን በሌሎች ከተሞችም አስፋፍቷል። በሩጫ የተገኘ ስም እንግዳን እስከ በር ሊያመጣ ይችላል። እንግዳው ተመልሶ የሚመጣው ግን በአልጋውና በምግቡ ነው፤ ሆቴሉ በሆቴልነቱ አንቱ መባል ያለበት በእንግዶቹ ነው። ባለቤቱ ስሙን በሕንፃው ላይ ሲጽፍ ስሙን አስይዟል፤ አገልግሎቱ ቢበላሽ የሚነሣው የራሱ ስም ነው።

የዝነኛ ፊት በማስታወቂያ

በማስታወቂያ የሚታይ ዝነኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ዕቃ ነው የሚያሞግሰው። የሚከፈለው ለፊቱና ለድምፁ ነው። ቤቱ ባይሠራ ወይም አክሲዮኑ ቢከስር ገንዘቡን ከዚያ በፊት ተቀብሏል፤ የሚደርስበት ሐሜት ነው።

ሕጉ ለባለፊቱ ጥበቃ አድርጓል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው ታዋቂ በመሆኑ ወይም በያዘው ሥልጣን ምክንያት ፈቃድ የማያስፈልግበት ሁኔታ እንዳለ ይገልጻል። ይህ ልዩ ሁኔታ ለጋዜጣ ዜና የሚያገለግል ነው። የአንድን ድምፃዊ ፎቶ ሳሙና መጠቅለያ ላይ ለማተም የሚያስብ ነጋዴ ግን «ታዋቂ ነውና አይከለከልም» ብሎ ከመነሣት በጽሑፍ ፈቃድ ቢይዝ ይሻለዋል።

የገዢው ጥበቃ ከዚህ የላላ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። ቢሆንም ከብሩህ ፈገግታ ጀርባ ያለውን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫና የግንባታ ፈቃድ ማየት የገዢው ሥራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በምሥረታ ላይ ያሉ አክሲዮን ማኅበራትና የቤት አልሚዎች በየጋዜጣውና በየሬዲዮው በርክተው እንደነበር ይታወሳል። የታወቁ ሰዎችን ስም በመሥራችነትና በአስተባባሪነት ያቀረቡም ነበሩባቸው። ከመካከላቸው ሠርተው ያተረፉ አሉ፤ ሥራ ሳይጀምሩ የቀሩና ቤት ሳያስረክቡ ደንበኞቻቸውን ለዓመታት ያንከራተቱም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሲጀምሩ ማስታወቂያቸው ይመሳሰል ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ዝነኛዋ ኪም ካርዳሺያን ኢትሪየም ማክስ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ በኢንስታግራም ስታስተዋውቅ 250 ሺሕ ዶላር እንደተከፈላት አልገለጸችም ሲል ከሰሳት። ክሱን ሳታምንም ሳትክድም 1 ነጥብ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ጥፋት የተባለው ማስተዋወቋ አልነበረም፤ እንደተከፈላት አለመናገሯ ነበር። ምክንያቱም ሰሚው ምስክርነት የሰማ መስሎት የተገዛ ቃል ሰምቷል። በአማርኛው ቢነገር «ማን አለው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ የተሳሳተ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ለሕዝብ አክሲዮን የሚያቀርብ ኩባንያ ፕሮስፔክተስ አዘጋጅቶ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የማስጸደቅ ግዴታ ተጥሎበታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ የኩባንያው ሒሳብ፣ የሥራ አመራሩ ማንነትና የሥጋቶቹ ዝርዝር ይገኛል። አሰልቺ ንባብ ቢሆንም ከዝነኛ ሰው ፎቶ የተሻለ ይናገራል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጠቃሎ ለነጋዴ፣ ለደላላና ለባለሀብት ሦስት ጥያቄዎች ይሆናል። አንደኛ፣ ሰውየው አንቱ የተባለው በምንድን ነው? በሩጫ፣ በዘፈን ወይም በሌላ ንግድ ከሆነ አሁን ለቀረበው ጉዳይ ምስክር አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንቱ ያለው ማን ነው? ከእርሱ ጋር ዕቃ የተቀባበሉ፣ ቤት የተረከቡ፣ ትርፍ የተካፈሉ ሰዎች ስም ይጠየቅ፤ ሁለቱን ሦስቱን በስልክ ማግኘት ከባድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቃሉ ቢታጠፍ ምን ያጣል? የሚያጣው ነገር ከሚወስደው ገንዘብ ካነሰ ቀሪው በሌላ ማስያዣ ወይም በዋስ ይሸፈን።

ለጅምላ ሻጩ የመጨረሻው ጥያቄ በቁጥር የሚሠራ ነው። የደንበኛው የለመደ ወርኃዊ ዱቤ ምን ያህል እንደሆነ ከመዝገቡ ያውጣ፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ዕቃ ሲመጣ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ይቀበል ወይም ጭነቱን ከፋፍሎ አንዱ ሲከፈል ሌላውን ይልቀቅ። በእውነት አንቱ የተባለ ነጋዴ በዚህ አይቀየምም፤ እርሱም ለራሱ ደንበኞች የሚያደርገው ይህንኑ ነው።